12ኛ ክፍል የሚወድቀው ልጅ የወደቀው 1ኛ ክፍል ነው

ጠመኔ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር እዚህ የምንለው ያው ነው። ተማሪው ሰነፈ፣ ቲክቶክ አጠፋው፣ መምህሩ ክፍል አይገባም፣ ፈተናው ከበደ። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ። ብዙውን ዘመኔን ያስተማርኩት ታችኞቹ ክፍሎች ላይ ነው። ከታች ሆኜ የማየውን ልጻፍ፣ እናንተ ደግሞ የምታዩትን ጨምሩበት።

ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ናቸው። ከፍ እያለ ነው፣ ደስ ይላል። ግን አሁንም ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላዩ ግማሹን አልመለሰም። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። አስቡት፣ ያን ሁሉ ልጅ ይዞ አስፈትኖ አንድም ያላለፈለት ትምህርት ቤት።

እስቲ ወደኋላ እንቁጠር። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። 2ኛ ክፍል ከነበሩት ልጆች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የተጠየቁት እንግሊዝኛ አይደለም፣ በሚማሩበት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። በ2014 ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጡት ልጆች ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገቡም። ከተመዘኑት በሁለት ዓመት የሚያንሱ ታናናሾቻቸው ናቸው። የገቡትም እዚያው ክፍል፣ እዚያው መምህር ጋ፣ እዚያው መጽሐፍ ላይ ነው። ሁሉም ነገር በወረቀት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር እኮ። የደነገጥነው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ነው።

የዓለም ባንክ ደግሞ አሥር ዓመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች ዘጠና በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ይላል። እኔ ቁጥሩን ሳነበው አልገረመኝም። 5ኛ ክፍል ገብቶ ሳይንስ መጽሐፉን ከፍቶ ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ በየዓመቱ አገኛለሁ። ፊደሉን ያውቀዋል፣ ግን አንዱን ቃል አንብቦ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ይህ ልጅ ስለ ምግብ ልመት ምን ይማራል? ያዳምጣል፣ ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ያልፋል። ያልፋል ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም በ1986ቱ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ አይወድቅም። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ሕፃን ልጅ ደጋግሞ ከሚወድቅና ከሚያቋርጥ መምህሩ እየተከታተለ ይደግፈው ነው። ማለፉ ተተገበረ፣ ድጋፉ ግን ቀረ።

አሁን አዲስ ፖሊሲ አለ። 6-2-4 ሆነ (ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ)፣ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ፣ 6ኛና 8ኛ ላይ ፈተና አለ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂ መውጫ ፈተና መጣ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀየረ። አብዛኛው ለውጥ መውጫው በር ላይ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ መግቢያው በር ነው። 1ኛ፣ 2ኛ እና 3ኛ ክፍል ላይ በእውነት የተቀየረው ምንድን ነው? ሰባና ሰማንያ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ሰባና ሰማንያ እንደያዘ ነው። አዲስ የተቀጠረውን ወይም ከርዕሰ መምህሩ ጋ ያልተስማማውን መምህር አንደኛ ክፍል መመደብም አልቀረም። የምታውቁ ንገሩኝ።

---

ኮልፌ ሰፈር፦

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ወላጅ ነኝ፣ ሁለት ልጆች መንግሥት ትምህርት ቤት አሉኝ። ትልቁ 4ኛ ክፍል ድረስ የግል ነበር። ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር አልቻልንም፣ አወጣነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ግን መንግሥት ትምህርት ቤት ያገኘነው ሁሉ መጥፎ አይደለም። ምገባው በጣም ረድቶናል። ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ተሰጥቷቸዋል። ሰፈራችን ውስጥ ጠዋት ባዶ ሆዱን የሚሄድ ልጅ ብዙ ነበር። ያ ተቀይሯል፣ ይህን ያደረገ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ንባቡ ላይ ግን ያሉት ትክክል ነው። ትንሿ 2ኛ ክፍል ናት። ደብተሯ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ላይ «ራይት» አለ። አንድ ቀን ከመጽሐፉ ውጪ የሆነ ነገር ሳስነብባት ዝም አለች። የመጽሐፉን ምንባብ በቃሏ ይዛዋለች እንጂ አታነብም። መምህሯን ሄጄ ጠየቅኳት። ጥሩ ሰው ናት፣ አልተቆጣችም። «ስንቱን ላስነብብ? አንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ባስነብብ ክፍለ ጊዜው አልቆ ግማሹ አልደረሰውም» አለችኝ። ምን ልበላት?

ወላጅ ምን ያድርግ ለሚለው መልስ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስብሰባ ተጠርተን የሚወራው ስለ ገንዘብ መዋጮና ስለ ማርፈድ ብቻ ነው።

---

ፊዚክስ ቲቸር፦

ጠመኔ፣ ብዙው ላይ እስማማለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። ፈተናውን እንደ ትንሽ ነገር አታሳንሰው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ነኝ። ከ2014 በፊት የነበረውን ታስታውሳለህ። በ2008 ፈተናው ወጥቶ በፌስቡክ ተሰራጭቶ እስከ መሰረዝ ተደርሷል። ከዚያ በኋላም መልስ በስልክ ሲመጣ፣ ክፍል ውስጥ ሲነበብ ኖረናል። ጎበዝ ተማሪዬ ሌሊት አጥንቶ ከሰረቀው እኩል ሲያመጣ እያየሁ ምን ብዬ አስተምር ነበር? ተማሪው ለምን እንደሚማር አያውቅም ነበር። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሆኑ ብዙ አስቸግሯል፣ ብዙ ልጅም ተጎድቷል፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ቁጥር አየን። አንተ ራስህ አሁን የጠቀስከው 3.3 የተገኘው ከዚያ ነው። ያ ቁጥር ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ስለ 1ኛ ክፍል ማን ያወራ ነበር?

ሌላው እኔ ጋ የሚደርሰው ችግር ቋንቋ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። ክልሉ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ካስተማረ ልጁ «ፍጥነት» የሚለውን ያውቀዋል፣ ቬሎሲቲ ሲባል ግን አዲስ ፍጥረት ነው የሚሆንበት። እኔ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ ማስታወሻ በእንግሊዝኛ እሰጣለሁ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ሁሉም መምህር እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ከ1997 ጀምሮ የገባውን ፕላዝማ፣ ማለትም በክፍል ቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት፣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይለቀቃል፣ ልጁ ቋንቋውን ሳይዝ ሥዕሉ ያልፋል፣ መምህሩ ቆሞ ያያል። ብዙ ገንዘብ ወጣበት። ልጆቹ እንግሊዝኛ ይችላሉ ብሎ የገመተ ሰው ነው ያንን ያቀደው።

---

ጠመኔ፦

ቲቸር፣ ፈተናው ይቅር አላልኩም። እውነተኛ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምለው ሚዛን ላይ መውጣት ክብደት አይቀንስም ነው። በየዓመቱ እየመዘንን፣ ውጤቱን እያወጅን፣ ታች ያለውን ካልነካን ያው ነው።

ቋንቋው ላይ ያልከው ደግሞ ከኔ ጋር ይገናኛል። በአንድ ቋንቋ በደንብ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውን ይይዛል። በአማርኛም በኦሮምኛም በሲዳምኛም ንባብ ያልያዘ ልጅ 9ኛ ላይ በእንግሊዝኛ ሊጀምር አይችልም። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ስህተት ነው የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ አሁን፣ አውቃለሁ። በአፍ መፍቻው መማሩ አይደለም ችግሩ። በአፍ መፍቻውም አለማንበቡ ነው።

---

የድሮ ቲቲአይ፦

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። 12ኛ ጨርሼ ቲቲአይ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ ገብቼ አንድ ዓመት ሠልጥኜ ነው ያስተማርኩት። አንድ ዓመት ብቻ፣ ግን ያን ዓመት ያስተማሩን ማስተማርን ነበር። ሰሌዳ አጻጻፍ፣ ፊደል እንዴት እንደሚለይ፣ ሕፃን ልጅ እንዴት እንደሚያዝ። ተለማማጅ ሆነን ክፍል ስንገባ ከኋላ ተቀምጦ የሚያየን ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ 10+1 መጣ፣ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ሥልጠና ማለት ነው፣ 10+3 መጣ፣ ዲፕሎማ ሆነ። ወረቀቱ ከፍ አለ። መምህርነት የሚገባው ልጅ ግን ሌላ ቦታ ያላገኘው ሆነ። እኛ ስንገባ መምህር መሆን ክብር ነበር፣ ቤት ለመከራየት እንኳ መምህር ነኝ ስትል በሩ ይከፈትልሃል።

ሌላ አንድ ነገር ላንሳ። ያኔ ብዙው ልጅ 1ኛ ክፍል ሲገባ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርኣን ቤት አልፎ ነው። ፊደል ለይቶ፣ አቡጊዳ ቆጥሮ፣ ዳዊት የደገመም ነበር። መምህሩ ከባዶ አይጀምርም። 231 ፊደል ማስለየት ጊዜ ይፈልጋል፣ ያንን ጊዜ የኔታ ይወስዱልን ነበር። ዘመኑ ተቀየረ፣ ልጁ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ፣ ትምህርት ቤት የገባውም ልጅ ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ። ደስ ይላል፣ የድሃ ልጅ ገባ። ግን የኔታ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ማን ይሥራው የሚለውን ማንም አልወሰነም። አሁን ኦ-ክላስ፣ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው የመዘጋጃ ክፍል፣ አለ ይላሉ። በእኛ ወረዳ ኦ-ክላስ ማለት ትርፍ ክፍል ካለ ልጆቹ ይሰበሰባሉ፣ ከሌለ ከ1ኛ ክፍል ጋር ይቀመጣሉ ማለት ነው።

በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ እኔም ዘምቻለሁ። የዘመኑ ፖለቲካ ሌላ ነገር ነው፣ ስለ እሱ መከራከር አልፈልግም። ግን አገር ሙሉ ማንበብና መጻፍን እንደ አንደኛ ጉዳዩ ሲይዘው ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ገበሬ ከሞፈር ተመልሶ በኩራዝ ይማራል። ሽማግሌ ስሙን ጽፎ ያለቅሳል። ለሕፃናቱ እንዲህ አድርገን አናውቅም።

---

ወረዳ የነበርኩ፦

ይህን ክር ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠርቼ ወጥቻለሁ። ለውጡ ለምን ላይኛው ክፍል ላይ እንደሚበዛ ልንገራችሁ። ክፋት አይደለም፣ የሥልጣን ክፍፍል ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር በእጁ ያለው ፖሊሲው፣ ደረጃው፣ የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፉ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናና ዩኒቨርሲቲው ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ቅጥር፣ ደመወዝ፣ የታችኛው ክፍል መጽሐፍ፣ ርዕሰ መምህር ሹመት የክልልና የወረዳ ነው። ስለዚህ ሚኒስትር ሆነህ ቶሎ የሚታይ ነገር መሥራት ስትፈልግ የምትደርስበት ፈተናው ነው። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በ2014 ከተሾሙ በኋላ የሠሩትን ብታዩ ይኸው ነው፣ ሊይዙት የሚችሉትን ይዘዋል። 1ኛ ክፍል ያለችው መምህርት ከእሳቸው ብዙ እርከን ርቃ ነው ያለችው።

ገንዘቡ ደግሞ እንዲህ ነው። ወረዳ ብሎክ ግራንት የሚባል ጥቅል በጀት ይመጣለታል። ለጤና፣ ለግብርና፣ ለትምህርት ይከፋፈላል። ትምህርት ብዙውን ይወስዳል፣ ግን ደመወዝ ሲከፈል ያልቃል። ለጠመኔ፣ ለወንበር፣ ለመጽሐፍ ማጓጓዣ የሚተርፍ ነገር የለም። ጌኩዊፕ በሚባለው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ይመጣ የነበረው ስኩል ግራንት (የትምህርት ቤት ድጎማ) ባይኖር ኖሮ ብዙ ርዕሰ መምህር እስክሪብቶ መግዣ አልነበረውም። ደመወዙም ቢሆን በየቦታው በሰዓቱ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። በደቡብ ዞኖች ወራት የቆዩባቸው መምህራን ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል፣ በዜናም ተሰምቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አያነሳውም። የመምህሩ እድገት ራሱ ከ1ኛ ክፍል ያሸሸዋል። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር መሰላል አለ፣ እሺ። ግን ትልቁ ዝላይ ዲግሪ ነው። ዲፕሎማ ያለው መምህር በክረምት ተምሮ ዲግሪ ሲይዝ ሁለተኛ ደረጃ ለመዛወር ይጠይቃል፣ እኛም እጥረት ስላለብን እንልከዋለን። ጎበዙ፣ ታታሪው፣ የሚማረው ሰው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። 1ኛ ክፍል የሚቀረው ገና የመጣውና መሄጃ ያጣው ነው። እዚያው 1ኛ ክፍል እያለ እንዲያድግ፣ እዚያው ሆኖ ከሁለተኛ ደረጃ መምህር እኩል ወይም በላይ እንዲከፈለው ካልተደረገ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

---

ሬሜዲያል ገባሁ፦

እኔ ከ2016 ተፈታኞች አንዱ ነኝ። 50 አላመጣሁም፣ ሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ ደርሶኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬ አልፌ አሁን ፍሬሽማን ነኝ። ሰው «ትውልዱ ሰነፍ ነው» ሲል በጣም ያመኛል። የተማርኩት ገጠር ነው። 11ኛ ክፍል አዲሱ መጽሐፍ በእጄ ገብቶ አያውቅም። በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነበረ፣ ስልክ ያለው ልጅ አውርዶ እኛ በየተራ ከስልኩ እንገለብጣለን። ላብራቶሪ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ያለበት ክፍል ነበረ፣ ውስጡ የተሰበረ ወንበር ነው። ኬሚስትሪ ግማሹን ዓመት መምህር አልነበረንም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ወስደው ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ጋር እኩል ፈተኑን።

ሬሜዲያል ላይ በእውነት የጠቀመኝ አንድ እንግሊዝኛ መምህር ነበር። ከአንቀጽ ጀመረልን። አንብቡ፣ ምን አለ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን 3ኛ ክፍል ላይ ባገኘው ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

---

ፊዚክስ ቲቸር፦

ሬሜዲያል፣ ጎበዝ። በርታ። ያልከው መጽሐፍ ጉዳይ እኔም ክፍል ውስጥ ነበረ። መጽሐፍ ሳይታተም ሥርዓተ ትምህርት ማስጀመር ትልቅ በደል ነው። የማይታረቀኝ ነገር ነው።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ ያለን የአንድ አካባቢ ልጆች ተሰባስበን የተማርንበትን ትምህርት ቤት እየረዳን ነው። «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሲጀመርም አዋጥተናል። ሁለት ክፍል አሠርተናል፣ አጥር አሳጥረናል፣ አሁን ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት ገንዘብ እየሰበሰብን ነው። ይህን ክር ሳነብ ግን ግራ ገባኝ። ሕንፃ መሥራታችን ዋጋ የለውም ማለት ነው? አብዛኛው ትምህርት ቤት ከደረጃ በታች ነው ሲባል እየሰማን ነው ያዋጣነው። መምህር ደመወዝ እኛ ልንከፍል አንችልም። ከዚህ ሆነን ልጁ እንዲያነብ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቁርጡን ንገሩኝ፣ ለማኅበሩ አቀርበዋለሁ።

---

ጎጃም ነኝ፦

ስለ 1ኛ ክፍል ንባብ ትነጋገራላችሁ። እኛ ጋ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። በአማራ ክልል ከትምህርት ውጪ ያለው ልጅ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። መማር የሚፈራበት፣ ማስተማር የሚያስጠይቅበት አካባቢ አለ። ትግራይም ልጆቹ ዓመታት አጥተዋል። 7 ዓመት ሲሞላው ገብቶ 1ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ አሁን 10 ሆኗል። ሲከፈት የት ነው የሚገባው? ከ7 ዓመት ልጆች ጋር? ወይስ በዕድሜው 4ኛ ክፍል? ፖሊሲ ስታወሩ ይህንን ልጅ አስገቡት።

---

ጠመኔ፦

ጎጃም፣ ወንድሜ፣ ትክክል ነህ። ሰላም ሳይኖር ስለ ሥርዓተ ትምህርት ማውራት ለእናንተ ባዶ እንደሚሆን ይገባኛል። የኛም ዞን አንዳንድ ወረዳ ከናንተ ብዙ አይለይም። ስለ ልጁ የጠየቅከውን ግን እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም ሲከፈት የሚሠራው ስህተት ከአሁኑ ይታየኛል። በዕድሜው 4ኛ ክፍል ያስቀምጡታል፣ ይዘቱን ለማካካስ ይሮጣሉ፣ ልጁ አያነብም። መሆን ያለበት ሲከፈት መጀመሪያ ሁሉንም ልጅ ማስነበብ ነው። የሚያነበውን፣ ቃል የሚያነበውን፣ ፊደል ብቻ የሚለየውን፣ ምንም የማይለየውን ለይቶ፣ ለተወሰኑ ወራት በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ በክፍል ደረጃ ሳይሆን በችሎታ መድቦ ማስተማር። የ10 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጅ ቶሎ ይይዛል። በሕንድ አገር በዚህ መንገድ ብዙ ሠርተውበታል፣ መንደር ውስጥ ያለ 12ኛ የጨረሰ ወጣት ሠልጥኖ ሊያስተምር ይችላል። ሕንፃ ባይኖር እንኳ ዛፍ ሥር ይቻላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሕንፃ ዋጋ የለውም አላልኩም። ጭቃ ክፍል ውስጥ ዝናብ ሲያፈስ ማስተማር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቤተ መጻሕፍት ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚላከው ከዚያ የተሰበሰበ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ካርቶኑ ሳይፈታ ይቀመጣል። የ2ኛ ክፍል ልጅ የሚያነበው በራሱ ቋንቋ የተጻፈ፣ አጭር፣ ሥዕል ያለው ታሪክ ነው፣ የሚቸግረውም እሱ ነው። አገር ውስጥ ታትሞ ይሸጣል፣ ዋጋውም ከሕንፃው ጋር አይወዳደርም። ለቤተ መጻሕፍቱ ካሰባችሁት ላይ ከፊሉን ለዚህ አውሉት። መጽሐፉም ቢሮ ተቆልፎበት ሳይሆን 1ኛ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ይቀደዳል፣ ይቀደድ፣ እንደገና ይገዛል።

ጎረቤታችን ኬንያ ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምራ የሠራችውን ብታዩ ጥሩ ነው። ቱሶሜ ይባላል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ በየቀኑ ምን እንደሚያስተምር የሚያሳይ መምሪያ፣ እና ታብሌት ይዞ ክፍል እየገባ ልጆችን አስነብቦ መምህሩን የሚያግዝ ሰው። በቃ፣ ይኸው ነው። በአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ነው የተሠራው፣ የልጆቹ ንባብም ተሻሽሏል። ያ ሰው የሚመጣው መምህሩን ሊገመግም ሳይሆን ሊያግዝ ነው። እኛ ጋ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚያየው የዓመት ዕቅድ፣ የሳምንት ዕቅድ፣ የአንድ ለአምስት ቡድን ቃለ ጉባኤ ነው። አንድ ልጅ አስነብቦ የሄደ ሱፐርቫይዘር አላየሁም። ይህን ለመቀየር አዲስ በጀት አያስፈልግም፣ ቅጹን መቀየር ብቻ ነው።

---

ወረዳ የነበርኩ፦

ቅጹ ላይ ያልከው እውነት ነው። እኛ የምንጠየቀው ቁጥር ነበር። ስንት ተመዘገበ፣ ስንት አቋረጠ፣ ስንት አለፈ። ሪፖርቱ ላይ «ስንት ልጅ ያነባል» የሚል ረድፍ ኖሮ አያውቅም። ረድፍ የሌለው ነገር ደግሞ ለዞን አይሄድም፣ ካልሄደ ማንም አይጠይቅህም፣ ካልተጠየቅክ ሌላ የሚያስጨንቅህን ትሠራለህ። አንድ ወረዳ ኃላፊ የ3ኛ ክፍል ንባብን በዓመት ሁለት ጊዜ ይላክልኝ ቢል ብቻ ብዙ ነገር ይነቃነቃል። ሕግ አይከለክለውም። 6ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና መኖሩ ጥሩ ነው፣ ግን 6ኛ ላይ ስናውቀው ልጁ ጋ ሦስት ዓመት ዘግይተን ነው የምንደርሰው።

---

የድሮ ቲቲአይ፦

ጠመኔ ስለ መምህር መምሪያ ያልከውን አንዳንድ መምህር እንደ ስድብ ያየዋል። «ማስተማር አልችልም ወይ?» ይላል። እኔ ያኔ መምሪያ ነበረኝ፣ አላፈርኩበትም። አዲስ የገባ መምህር 70 ልጅ ፊት ብቻውን ቆሞ ከሚጨነቅ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚመራው ነገር ቢያገኝ እፎይ ይላል። ልምድ ያለው ደግሞ ይተወዋል።

ደመወዙን ግን አትርሱ። ወረቀት ብቻ እየጨመራችሁለት ሆዱ ባዶ የሆነ መምህር ከሰዓት በኋላ ሞተር ይነዳል፣ አስጠኚ ሆኖ ይዞራል። የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የደመወዙ አቅም ምን ያህል እንደወደቀ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ማሻሻያ መጣ፣ ይመስገን፣ ኑሮው ግን ቀድሞት ሄዷል። የገጠር መምህር ቤት ቢሠራለት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሕንፃ መሥራት ከወደዳችሁ ይህንን ሥሩ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ክፍል የመምህር መኖሪያ። ከከተማ በእግሩ የሚመላለስ መምህር አርፍዶ ይመጣል፣ ቀድሞ ይወጣል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ይጠይቃል።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ፣ የመምህር መኖሪያው ሐሳብ ገብቶኛል። ማንም አልነገረንም ነበር። ርዕሰ መምህሩን ስንጠይቀው ሁልጊዜ «ቤተ መጻሕፍት» ነው የሚለን፣ ምናልባት ለጋሽ የሚወደው እሱ ነው ብሎ ይሆናል። የታሪክ መጽሐፉንም ከቤተ መጻሕፍቱ በጀት ላይ አነሳለሁ። ጠመኔ፣ በውስጥ መስመር ብጽፍልህ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል የሚሆኑትን በመምረጥ ትረዳናለህ?

---

ጠመኔ፦

በደስታ። ጻፍልኝ። ግን የመረጥኩትን ሳትገዙ በፊት የትምህርት ቤቱን የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህራን አነጋግሩ። ልጆቻቸው የትኛው ላይ እንዳሉ እነሱ ያውቃሉ፣ የተጠየቀ መምህር ደግሞ መጽሐፉን ይጠቀምበታል።

---

ኮልፌ ሰፈር፦

የኔን ጥያቄ ረሳችሁት። ወላጅ ቤት ውስጥ ምን ያድርግ? ሁሉም ወላጅ የተማረ አይደለም፣ የኔ ጎረቤት ራሷ አታነብም።

---

ጠመኔ፦

እህቴ ይቅርታ፣ ወሬው ወሰደን። ልጅሽን ከመጽሐፏ ሳይሆን አይታው ከማታውቀው ጽሑፍ አስነብቢያት። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ስታነብ አታቋርጫት፣ ሲያቅታት ጠብቂያት፣ ከዚያ ቃሉን ንገሪያትና ትቀጥል። ሲያልቅ «ምን ተፈጠረ?» ብለሽ ጠይቂያት። መናገር ካልቻለች ጽሑፉ ከብዷታልና ቀለል ያለ ፈልጊላት። በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ ያውም ሳትቆጪ። ጎረቤትሽ ማንበብ ባትችልም ልጇ ስትነግራት ማዳመጥ ትችላለች። «እስቲ አንብቢልኝ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» ካለች ልጁ ለአንድ ሰው እያነበበ ነው። ትልቁ ልጅሽ ደግሞ ትንሿን ያስነብብ፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ስብሰባ ላይ ደግሞ የወላጅ መምህር ህብረቱን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። በዚህ ትምህርት ቤት ከ3ኛ ክፍል ልጆች ስንቱ አንብቦ ይረዳል? የሚመልስ ላይኖር ይችላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ተቆጥሮ ይምጣ በሉ፣ በቃለ ጉባኤም ይያዝ። መምህርቷን ለማስጨነቅ ሳይሆን ሰባ ልጅ ለብቻዋ እንደያዘች ግቢው ሁሉ እንዲያውቅ።

---

ኮልፌ ሰፈር፦

ስብሰባው ቅዳሜ ነው። እኔ አነሳዋለሁ፣ ሌሎች ሦስት እናቶችም አብረውኝ ይጠይቃሉ። የሚሉንን እዚሁ እጽፋለሁ።